እሾህ ቆጥሮ ዓሣ መለየት

አንድ ዓሣ ከጫሞ ሐይቅ ወጥቶ አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ እስኪደርስ ድረስ ብዙ ነገሩን ያጣል። መጀመሪያ የሚጠፋው ቀለሙ ነው፤ ከመረቡ ሲፈታ የነበረው ብልጭታ ፀሐይ ላይ ጥቂት እንደቆየ ይደበዝዛል። ቀጥሎ ሆድ ዕቃው ይወጣል፣ ቅርፊቱ ይፋቃል፣ ክንፉ ይቆረጣል። ፊሌቶ ሆኖ ሳህን ላይ ሲቀርብማ ማን እንደነበረ የሚናገር ምልክት አይቀረውም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ዓሣን በዓይነቱ መለየት የሚፈልግ ሰው ትምህርቱን መጀመር ያለበት ከሐይቁ ዳር ነው፤ ክንፉ ሳይቆረጥ፣ ጢሙ ሳይበጠስ።

ለዚህ ትምህርት ከአገራችን ውኃዎች መካከል የጋሞ ዞንን ሁለት ሐይቆች፣ አባያንና ጫሞን፣ የምመርጠው ያለ ምክንያት አይደለም። የዓሣ ዓይነታቸው አንድ ትጉህ ሰው በቃሉ ሊይዘው የሚችለውን ያህል ነው። እርስ በርስ ያላቸው ልዩነት ግን እጅግ የሰፋ ነው፤ ቅርፊት ያለው አለ፣ የሌለው አለ፣ ባለ ጢም አለ፣ ባለ ክራንቻ አለ። ወደ ሰሜን ወጣ ብሎ ዝዋይን፣ ላንጋኖን ወይም ሐዋሳን ያየ ሰው ይህን ያህል ልዩ ልዩ ዓሣ አያገኝም። በእነዚያ ሐይቆች ናይል ፐርች በተፈጥሮ የለም፤ ክራንቻሙ ሃይድሮሳይነስም የለም።

ልዩነቱን ያመጣው የውኃው ታሪክ ነው። ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት፣ አፍሪካ ዛሬ ከምናውቃት ይልቅ ርጥብ በነበረችበት ዘመን፣ የአባያና የጫሞ ውኃ ሞልቶ በሰገን በኩል ወደ ጨው ባሕር፣ ከዚያም ወደ ቱርካና ይፈስ ነበር። ቱርካናም በተራው ከናይል ጋር ይገናኝ ነበር። በዚያ የውኃ መንገድ የመጡት ዓሦች ዝናቡ ሲቀንስና መንገዱ ሲቆረጥ እዚሁ ቀሩ። ዛሬ ሁለቱን ሐይቆች የሚለያቸው የእግዜር ድልድይ የተባለው ከፍታ ነው። አባያ ከጫሞ 60 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ ይገኛል። ውኃው ደለል ስለሚበዛበት ቀይ ቡናማ ነው፤ ጫሞ ከእሱ ያንሳል፣ ይጠራልም። ድፍርስ ውኃ ውስጥ ያደገ ዓሣ ብዙ ጊዜ ፈዘዝ ያለ ስለሚሆን፣ የአንድ ዓይነት ዓሣ ሁለት ወንድማማቾች ከሁለቱ ሐይቆች ወጥተው ጎን ለጎን ቢቀመጡ የተለያዩ ሊመስሉ ይችላሉ። ቀለም የመጀመሪያው አሳሳች ምስክር ነው።

ከናይል ፐርች እንጀምር። ሳይንሳዊ ስሙ ላቴስ ኒሎቲከስ ነው። እስከ 2 ሜትር ርዝመትና እስከ 200 ኪሎ ግራም ክብደት ሊደርስ እንደሚችል ተመዝግቧል፤ ጫሞ ዳር ሆኖ ትልቅ ፐርች ከጀልባ ሲወርድ ያየ ሰው ይህን ለማመን አይቸገርም። መጠኑ ግን መታወቂያ አይሆነውም። ግዙፉም ዓሣ አንድ ወቅት ጣት ያክል ነበር፤ ያኔ ደግሞ መልኩ ሌላ ነበር። ያደገው ፐርች ወጥ ብርማ ሲሆን ጫጩቱ ቡናማና ብርማ ዝንጉርጉር ነው። በቀለም የሚፈርድ ሰው ጫጩቱንና ወላጁን ሁለት ዓይነት ዓሣ አድርጎ ይመዘግባል።

ጀርባው ላይ ጣትን ማሳለፍ ግን ነገሩን ይፈታዋል። ናይል ፐርች ትንሽም ይሁን ትልቅ የጀርባ ክንፉ በሁለት የተከፈለ ነው። የፊተኛው 7 ወይም 8 ጠንካራ እሾህ አለው፤ ከዚያ ክንፉ ወደ ታች ይጎደጉድና የኋለኛው ለስላሳ ክፍል ይነሣል። ጅራቱ ሹካ አይሠራም፤ ጫፉ ክብ ነው። የታችኛው መንጋጋ ከላይኛው ወጣ ይላል። የስንጥቡ ክዳን ላይ ሹል እሾህ አለ፤ በግዴለሽነት የያዘውን እጅ ይቆርጣል። እነዚህ ምልክቶች ከጣት ቁመት እስከ ሰው ቁመት አይለወጡም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። ስለ ናይል ፐርች የተጻፈ ነገር ያነበበ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያገኘው የቪክቶሪያ ሐይቅን ታሪክ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ በሰው እጅ ተጨምሮ የሐይቁን ትናንሽ ዓሦች እንደጨረሰ። ያ እውነት ነው። የጫሞው ፐርች ግን መጤ አይደለም። ከቆሮሶውና ከአምባዛው ጋር አብሮ የኖረ የሐይቁ ባለቤት ነው፤ የሐይቁ ሚዛንም በእሱ ላይ ቆሟል። የሌላ አገር ጥፋት በዚህኛው ላይ ሊላከክ አይገባም።

ቆሮሶን፣ ማለትም የናይል ቲላፒያን፣ ሁሉም ሰው የሚያውቀው ይመስለዋል። ሆቴል ቤት ገብቶ ጥብስ ዓሣ ሲያዝ በብዛት የሚቀርብለት እሱ ነው። ከፐርች ጋር ሲተያይ ልዩነቱ ጀርባው ላይ ነው፤ የቆሮሶ የጀርባ ክንፍ አንድ ወጥ ነው። በፊተኛው ክፍሉ ከ15 እስከ 18 የሚደርስ እሾህ ይደረደራል፤ ከዚያ ሳይቋረጥ ወደ ለስላሳው ይሸጋገራል። በጎኑ የሚሄደው መስመር ግን መሐል ላይ ይቋረጥና ዝቅ ብሎ እንደገና ይጀምራል። ጅራቱ ላይ ቀጫጭን ቋሚ ሰንበሮች አሉ። ሌላም ብዙ ሰው የማያስተውለው ምልክት አለው፤ አብዛኛው ዓሣ በየጎኑ ሁለት የአፍንጫ ቀዳዳ ሲኖረው ቆሮሶ በየጎኑ አንድ ብቻ ነው ያለው። በመራቢያ ወቅት ወንዱ ይቀላል፤ ሴቷ እንቁላሏን በአፏ ይዛ ትፈለፍላለች። ቀዩን ወንድ ሌላ ዓይነት ነው ብሎ የሚከራከር ሰው ቢያጋጥም እሾሁን መቁጠር ይበቃል።

ካርል ሊኒየስ እ.ኤ.አ. በ1758 ባሳተመው መጽሐፉ ሁለቱንም ዓሦች በናይል ስም ነበር የጠራቸው። አንዱ ላቴስ ኒሎቲከስ፣ ሌላው ኦሬኦክሮሚስ ኒሎቲከስ ተብለው ዛሬም ድረስ የሁለተኛ ስማቸው አንድ ነው። የቅርብ ዝምድና ግን የላቸውም። የጥናት መዝገብ ላይ የመጀመሪያውን ስም አሳጥሮ መጻፍ የሚወዱ ሰዎች ይህን ቢያስቡበት መልካም ነው።

አሁን ወደ ጢማሞቹ እንሂድ፤ በዚህ ምዕራፍ ውስጥ ረዘም ላለ ጊዜ ልቆይ የምፈልገው እነሱ ላይ ነው። ጢም ያለውን ቅርፊት አልባ ዓሣ ሁሉ አምባዛ ብሎ መጥራት የተለመደ ነው። በሁለቱ ሐይቆች ግን ቢያንስ አራት በጣም የተለያዩ ጢማሞች አሉ፤ አንዱን ከሌላው ለይቶ የማያውቅ ሰው ሐይቁን በግማሹ ብቻ ነው የሚያየው።

እውነተኛው አምባዛ ክላሪያስ ጋሪፒነስ ነው። ራሱ ጠፍጣፋና አጥንታም ነው፣ አራት ጥንድ ጢም አለው። የጀርባ ክንፉ ከራሱ ኋላ ጀምሮ እስከ ጅራቱ አጠገብ ይዘረጋል፤ በዚህ ሁሉ ርዝመት አንድም እሾህ የለበትም። ከስንጥቡ በላይ ቅርንጫፍ መሳይ የመተንፈሻ አካል ስላለው አየር ይተነፍሳል። ሌላው ዓሣ ሞቶ አምባዛው ከጀልባው ወለል ላይ ሲላወስ የሚታየው በዚህ የተነሣ ነው።

ሁለተኛው ባግረስ ዶክማክ ነው። እሱም አራት ጥንድ ጢም አለው፤ አንደኛው ጥንድ በጣም ረጅም ነው። ሩቅ ሆኖ ያየው ሰው አምባዛ ነው ቢል አይፈረድበትም። ጀርባውን ሲመለከት ግን ሌላ ነገር ያገኛል። ባግረስ በፊት በኩል አጭር ባለ እሾህ ክንፍ አለው፤ ከኋላው ደግሞ አጥንት የሌለው፣ ረጅም፣ ስባማ ሁለተኛ ክንፍ አለ። አምባዛ ይህ ስባማ ክንፍ የለውም። የባግረስ ጅራት በጥልቁ የተሰነጠቀ ሹካ ነው፤ የአምባዛ ጅራት ክብ ነው። ጀርባና ጅራት ብቻ አይቶ በቅጽበት መለየት ይቻላል። ለዚህ ዓሣ ስሙን የሰጠው ፔር ፎርስኮል የሊኒየስ ተማሪ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1763 የመን ውስጥ በወባ ሞተ። ሥራው የታተመው ከሞተ ከ12 ዓመት በኋላ፣ በ1775 ነው።

ሦስተኛው ሲኖዶንቲስ ሻል ነው። አስጋሪዎች ከመረብ ላይ ለመፍታት የሚቸገሩበት ዓሣ ይህ ነው፤ ምክንያቱም የጀርባውና የሁለቱ ደረቱ እሾሆች ሲደነግጥ ይቆማሉ፣ ከሥራቸውም ይቆለፋሉ። በጉልበት መግፋት መረቡን መቅደድ ወይም እጅን መውጋት ነው። ራሱ ከኋላ አንገቱ ድረስ በአጥንት ጋሻ ተሸፍኗል። ከውኃ ሲወጣ የደረት እሾሁን ከመገጣጠሚያው ጋር እያፋተገ ድምፅ ያሰማል። የታችኛው ከንፈሩ ጢሞች ቅርንጫፍ አላቸው፤ ይህ ከሌሎቹ ሦስት ጢማሞች በአንድ እይታ የሚለየው ነው።

አራተኛው ሺልቤ ኢንተርሚዲየስ ትንሽና ጠፍጣፋ ጎን ያለው ዓሣ ነው። የጀርባ ክንፉ ራሱ አጠገብ ያለች አጭር ክንፍ ናት፤ ስባማው ሁለተኛ ክንፍ የለውም። በሆዱ በኩል ያለው ክንፍ ግን ከሆዱ መጨረሻ ጀምሮ እስከ ጅራቱ ድረስ ይዘረጋል። በገበያ ብዙ ቦታ አይሰጠውም።

ቅርፊታሞቹን ጢም አልባ ወይም ጢመ አጭር ዓሦች ደግሞ አፋቸውን አይቶ መለየት ይቀላል። ላቤዮ ሆሪ አፉ ከታች ነው፤ ወፍራም ከንፈሩ ከድንጋይና ከጭቃ ላይ ምግብ ለመልቀም የተሠራ ነው። ጀርባው ላይ የሚወጋ እሾህ የለም። የዚህን ዓሣ መራባት በጫሞ ያጠኑት ኤልያስ ዳዴቦ የሐይቁን ሌሎች ዓሦች አመጋገብም ጽፈዋል፤ ስለ ጫሞ ዓሣ የሚያነብ ሰው ስማቸውን ደጋግሞ ያገኛል። ሃይድሮሳይነስ ፎርስካሊ ለመለየት ምንም ትምህርት አያስፈልገውም፤ አፉን ሲገጥም እንኳ ክራንቻዎቹ ውጪ ይታያሉ።

ትልቁ ባርበስ፣ ላቤዮባርበስ ኢንተርሚዲየስ፣ ግን የሁሉ ፈተና ነው። ቅርፊቱ ትልልቅ ነው፣ በአፉ ዙሪያ ሁለት ጥንድ አጫጭር ጢም አለው። ከዚህ ውጪ ያለው ነገር ሁሉ ይለዋወጣል፤ የከንፈሩ ውፍረት፣ የአፉ አቅጣጫ፣ የገላው ቁመት። ለዚህ ዓሣ ስም የሰጠው የፍራንክፈርቱ ኤድዋርድ ሩፔል ሲሆን፣ በ1830ዎቹ መጀመሪያ ጎንደር ድረስ መጥቶ እ.ኤ.አ. በ1835 ዓሣውን ከጣና ሐይቅ ገልጾ አሳተመ። ከእሱ በኋላ የመጡ ሊቃውንት ልዩ ልዩ መልክ ያለውን ባርበስ ሁሉ ለየብቻ እየሰየሙ ስሞቹን አበዙ። እ.ኤ.አ. በ1973 ኪት ባኒስተር የምሥራቅና የመካከለኛው አፍሪካን ትልልቅ ባርበሶች ሲመረምር ከስሞቹ ብዙዎቹን ጠቅልሎ በአንድ ስም ሥር አስገባቸው። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ኔዘርላንዳውያን ተመራማሪዎች ጣና ላይ ቆይተው ዓሦቹን አንድ በአንድ ለኩ፣ የሚበሉትንና የሚራቡበትን ተከታተሉ። ያገኙት አንድ ዓይነት ሳይሆን የተለያየ ኑሮ ያላቸው በርካታ ዓይነቶች ነበር። ዛሬ የጣና ባርበሶች 15 ያህል ዓይነት ተብለው ይታወቃሉ። ብዙዎቹ በዓለም ላይ ከጣና ሌላ የትም የሉም። እኔ ከዚህ ታሪክ የምይዘው አንድ ነገር አለ፤ ዓሣን በመልክ ብቻ መለየት ባልተቻለበት ጊዜ አፉንና ሆዱን መመርመር መልሱን ይሰጣል። የጫሞንና የአባያን ባርበስም እንዲህ ያለ ትዕግሥት ይገባዋል።

ስለ ሩፔል ያነሣሁት ለሌላም ምክንያት ነው። ይህ ሰው ለሺልቤም (በ1832)፣ ለጣና ባርበስም ስም የሰጠ ሲሆን፣ ከዚያ በፊት በ1828 ሁለት የቀይ ባሕር ሣጥን ዓሦችን ገልጾ ነበር፤ ኦስትራሲዮን ሲያኑረስንና ኦስትራሲዮን አርገስን። በውጭ አገር የሚኖሩ፣ ቤታቸው ውስጥ የባሕር ውኃ የሞላ የመስታወት ገንዳ የሚያኖሩ ወገኖቻችን እነዚህን ዓሦችና የቅርብ ዘመዶቻቸውን በመደብር ያገኟቸዋል። የመለየቱ ጥበብ አርባ ምንጭ ላይ ከተማርነው ጋር አንድ ነው። ሣጥን ዓሣ ገላው በአብዛኛው ስድስት ጎን ባላቸው አጥንት ሰሌዳዎች የተሸፈነ ነው። ከዚህ ጥሩር ውጪ የሚወጡት አፉ፣ ክንፎቹና ጅራቱ ብቻ ናቸው። የሆድ ክንፍም፣ እሾሃማ የጀርባ ክንፍም የለውም። ስለዚህ የሚቆጠረው እሾህ ሳይሆን የጥሩሩ ጠርዝ ነው። የኦስትራሲዮን ጥሩር አራት ጎን ነው። ቴትሮሶመስ ጊቦሰስ ደግሞ ጀርባው ወደ ላይ ስለሚሾል ከፊት ሲታይ ሦስት ማዕዘን ይሠራል። ላክቶሪያ ኮርኑታ፣ ቀንዳሙ፣ ከዓይኑ በላይ ወደ ፊት የወጡ ሁለት ረጃጅም ቀንዶች አሉት፤ ከኋላም ሁለት አሉት።

ቀለም እዚህም ያታልላል። የኦስትራሲዮን ኩቢከም ጫጩት ጥቁር ነጥብ ያለበት ደማቅ ቢጫ ነው፤ ሲያድግ ወደ ግራጫና ሰማያዊ ይለወጣል። በሲያኑረስ ደግሞ ወንዱና ሴቷ በቀለም ይለያያሉ። ውበቷን አይቶ አውራ ጣት የምታህል ቢጫ ዓሣ የሚገዛ ሰው፣ ያቺ ዓሣ 45 ሴንቲ ሜትር ልትደርስ እንደምትችል ማወቅ አለበት። ሣጥን ዓሦች ሲደነግጡ ከቆዳቸው መርዝ ይለቃሉ፤ በጠባብ ገንዳ ውስጥ መርዙ አብረዋቸው ያሉትን ዓሦች ሊገድል ይችላል። ዓይነቱን ሳይለዩ መግዛት እዚህ ላይ የሌሎች ዓሦችን ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል። ከነዚህ የባሕር ዓሦች ወገን የሆነ አንድ ዓሣ ከባሕር ውጪም አለ፤ ኦሞ ወንዝ በሚገባበት በቱርካና የሚኖረው ቴትራዶን ሊኒያተስ። ሲነኩት ሆዱን በውኃ ነፍቶ ኳስ ይሆናል።

ወደ ጫሞ ስንመለስ የመለየት ነገር ከዕውቀት ጥማት ያለፈ ሥራ አለው። የጫሞ ናይል ፐርች ቁጥሩ እየቀነሰ መምጣቱን አስጋሪዎችም ተመራማሪዎችም ይናገራሉ። ከምክንያቶቹ አንዱ የመረብ ዓይን ጥበት ነው። ቆሮሶ በትንሽ መጠን ለመራባት ይደርሳል፤ ፐርች ግን ለመራባት ብዙ ማደግ ያስፈልገዋል። ለአዋቂ ቆሮሶ የሚሆን መረብ ገና ያልወለደውን ፐርች ጨምሮ ያወጣል። ያ ያልወለደ ፐርች ዝንጉርጉር መልኩን ሳይለቅ ከሌሎች ትናንሽ ዓሦች ጋር ተደባልቆ ቢመዘን፣ በመዝገብ ላይ ፐርች ሆኖ አይቆጠርም። መዝገቡ የሚያሳየው ጥፋት ከእውነተኛው ያነሰ ይሆናል። ከጀልባው በሚወርደው እያንዳንዱ ትንሽ ዓሣ ጀርባ ላይ ጣት ማሳለፍ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 የማጥመጃውን ነገር ለማስተዳደር የወጣ ሕግ ነው፤ ሕጉ በሥራ ላይ የሚውለው ግን የወጣውን ዓሣ ለይቶ የሚያውቅ ሰው ሐይቁ ዳር ሲኖር ነው።

በሁዳዴ ጾም የዓሣ ፈላጊው ሲበዛ ይህ የበለጠ ይከብዳል። ዓሣው በብዛት ይወርዳል፣ በፍጥነት ይበለታል፣ ወደ አዲስ አበባም ይጫናል። ፊሌቶ ላይ የቀረው ምልክት ትንሽ ነው። ቆዳው ከነተያያዘ ቅርፊት የተፋቀበት ጠባሳ መኖር አለመኖሩን ማየት ይቻላል፤ ጠባሳው ከሌለ ዓሣው ከጢማሞቹ አንዱ ነው። ወፍራምና ሰፊ ቁራጭ ከቆሮሶ ሊወጣ አይችልም። ከዚህ አልፎ መናገር ግን ግምት ነው። መልካም ሻጭ ጭንቅላቱንና ጅራቱን አብሮ ያስቀምጣል፤ ገዢም ቢጠይቅ አያሳፍርም።

ዓይነቱን ለማወቅ ለባለሙያ ፎቶ መላክ የሚፈልግ ሰው ዓሣውን በቀኝ ጎኑ አስተኝቶ፣ የጀርባ ክንፉን በጣቱ አቁሞ፣ ጅራቱን ዘርግቶ ያንሣው። ሁለተኛ ፎቶ የአፉን፣ ሦስተኛ የጢሙን ያንሣ። ርዝመቱን ለመለካት አጠገቡ ማስመሪያ ያኑር። ከአባያ ይሁን ከጫሞ፣ በምን ዓይነት መረብ እንደተያዘና ቀኑን ይጻፍ። ከዚያ ዓሣውን ወደ ቢላው መላክ ይችላል።